ይቅርታ ጠይቄ የታሰርኩበት ኅዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ከጠዋቱ 1፡30

ቁርስ። ቀዝቃዛ እንቁላል፣ ደረቅ ዳቦ፣ ወተት። ወተቱን ለሬይ ሰጠሁት። ሬይ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ስድሳን ያለፈ ሽማግሌ፣ ጠጥቶ ሲነዳ ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘ። ቀን ከሌት ያንኮራፋል። ትናንት ከምሳ በኋላ ትራሱን አፉ ላይ ልጭንበት ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አንተ ደብተር፣ ገና ትናንት ነው ከእስር ቤቱ ሱቅ የመጣኸው። ብዕሩ እንደ ማካሮኒ ይተጣጠፋል። ሰው እንዳይወጋበት ነው አሉ። ለመውጋት ብዕር ምን ያደርጋል? እኔ በአፌ ወግቼ ነው የገባሁት።

ስድስተኛ ቀኔ። መሀል ሲያትል፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ የእጅ ስንዝር የምታህል መስኮት። ስሜ ደረጀ ነው፤ እዚህ ግን “ኢንፍሉዌንሰር” ነው የሚሉኝ። በምን ገባህ ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ላይቭ ላይ በመናገር አልኩት። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጓደኞቹን ጠራ፣ ድገመው አለኝ። ጥርሱን ላወልቅለት እጄ በላኝ።

ዳኛዋ ያለችው አጭር ነው። 63 ቪዲዮ አለ፤ አጥፋ፣ ማጥፋትህን ፈርም፣ በዚያው ቀን ትወጣለህ። መውጫህ በገዛ እጅህ ነው አለችኝ። አላጠፋም። እናቴን የገደለች ሴት አለች፤ ስሟም ፅጌ ነው። ፅጌ! ፅጌ! ፅጌ! ስሟን በላይቭ አትጥራ፣ በጽሑፍ አትጥራ፣ በሰው አትላክባት ተብያለሁ። ስለ ደብተር የተባለ ነገር የለም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከሰዓት

ጠበቃዬ መጣች። ፍ/ቤት የመደበልኝ ወጣት ፈረንጅ ናት፤ ጥፍሯን ትነክሳለች። ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። የፍ/ቤት እግድ በእጅህ ይዘህ፣ በሌላ ሰው በኩል እንኳን አታግኛት ተብለህ፣ እንዴት አራት አዛውንት ቤቷ ትልካለህ? ሽምግልና ነው አልኳት። ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ። በሕጉ ያው መላክ ነው አለች። ጠረጴዛው መሬት ላይ የተበየደ ባይሆን ኖሮ እገለብጠው ነበር።

ለአንተ ግን ከሥሩ ልንገርህ።

እናቴ፣ እቴቴ ነው የምላት፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ፌደራል ዌይ ፅጌ ቤት ነበረች። ፅጌ መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ስድስት አሮጊቶች ትጦራለች። ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። እቴቴ ሦስት ዓመት እዚያ ቆየች። አምና ኅዳር መታጠቢያ ቤት ወደቀች፣ ሆስፒታል ደርሳ አረፈች። እኔ እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ካለው መጋዘን ዕቃ የምጭን የትራክ ሹፌር ነኝ። ለምሳ ፓርክ አድርጌ ላይቭ እገባ ነበር፤ ቀድሞም ተከታይ ነበረኝ። ከቀብሩ በኋላ ግን በየሳምንቱ፣ አንዴም ሁለቴም፣ ፅጌን ብቻ። ገዳይ አልኳት። ፎቶዋን ለጠፍኩ። የቤቷን መንገድ ነገርኩ። ሰው ጎረፈ፤ እንደ እኔ የተናደደ ሰው በዓለም ላይ ስንት እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ፅጌ ከሰሰች፣ እግድ አወጣች። ባለቤቴ ሰናይት ደነገጠች፤ ሮጣ ጋሽ መርዕድ ዘንድ። ጋሽ መርዕድ የቤ/ክርስቲያናችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰማንያ ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸው። ሦስት ሰው ጨምረው ፌደራል ዌይ ወረዱ። ፅጌ ሽማግሌ አላሳፍርም ብላ በሯን ከፈተች። በአደባባይ ሰድቧታልና በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። በዚያው ላይቭ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት። ሁሉም ተስማማ። ሽማግሌ ከገባ ዳኛ ወጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጋሽ መርዕድም እንደዚያው፣ ፅጌም እንደዚያው ይመስለኛል። ሰው ታርቆ ወረቀት ምን ይሠራል?

ላይቭ ገባሁ። ነጠላ አደግድጌ። እህቴ ፅጌ ሆይ በድዬሻለሁ አልኩ። ሰባት ደቂቃ በደንብ ሄደ። በስምንተኛው አንዱ ከታች “የእናቱን ደም የሸጠ ፈሪ” ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ፍ/ቤት ውስጥ በአስተርጓሚ መልሰው አሰሙኝ። እኔ ወንድ ብሆን ያንን ቤት በላይዋ ላይ አፈርሰው ነበር፣ ብያለሁ። አስተርጓሚዋ አበሻ ናት፤ ስታነብ ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግሥቱ አንድ ሰው የፅጌን መስኮት በድንጋይ ሰበረ። ማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ማንንም አላዘዝኩም!


ዓርብ፣ ኅዳር 5፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሁለት ጥርስ። አንዱ የእኔ።

ስልክ ሰልፍ ላይ ነው። አንድ ትከሻው በር የሚያክል ሰውዬ ተራዬን ነጠቀ። ኢንፍሉዌንሰር ሆይ፣ ለአድናቂዎችህ ሰላም በልልኝ አለኝ። ስልኩን ከእጁ ነጥቄ በእጀታው አፉን አልኩት። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እሱ ደረሰብኝ። ግድግዳው ከጀርባዬ፣ ጉልበቱ ከሆዴ። ደም ጨው ጨው ይላል። ጠባቂዎቹ ሲጋልቡ መጡ፤ ፊቴን ከወለሉ ጋር አጣበቁት።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ስክሪን ስደበድብ ኖሬ ሥጋ ሲያገኝ እጄ ዕረፍት ተሰማው። ከንፈሬ እንደ ድንች አብጧል፤ ስስቅ ይሰነጠቃል፣ እኔ ግን እስቃለሁ።

ቅጣት፦ እስከ ረቡዕ ስልክ የለም። ከክፍል የምወጣው በቀን አንድ ሰዓት።


እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ መሆን አለበት

ጋሽ መርዕድ መጡ። ከቤታቸው ተነሥተው፣ ሁለት አውቶቡስ፣ በዝናብ። በመስታወቱ ማዶ ጋቢያቸው እርጥብ ነው። ከንፈሬን አይተው አማተቡ።

እቴቴን ነው ያነሡት። ሙት ዓመቷ ኅዳር 18፣ ሐሙስ። የፈረንጅ የምስጋና በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ከሥራ ነጻ ነው፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። አንድ ልጇ እኔ ነኝ። ልጇ በሌለበት ማን ይቆማል? ፈርመህ ውጣ አሉኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ቢሆንም እንኳን የነበረው ይጥፋ አሉ። አሻፈረኝ አልኩ። ቪዲዮዎቹ ከጠፉ እናቴ እንደ ድመት ሞታ ቀረች አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቀስ ብለው፦ “ልጄ፣ ያ ድንጋይ እኮ የእማማ ዘነበችን ግንባር ነው የፈነከተው። ሰባት ቦታ ሰፏቸው” አሉኝ።

አላወቅሁም። መስኮት ብቻ መስሎኝ ነበር። እማማ ዘነበች ከእቴቴ ጎን አልጋ የነበሩት ናቸው። እቴቴ እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በራሳቸው እጅ ያጎርሷት ነበር። አልጋቸው በመስኮቱ ሥር ነው።

ምን አደረግኩ መሰለህ? አለቀስኩ? ኧረ የት! መስታወቱን በጡጫ መታሁት። አንቱ ነዎት ያሳሰሩኝ አልኳቸው። ሽምግልናዎ ገደል ይግባ፣ ሕግ ሳያውቁ ምን አገባዎት፣ ሽበትዎን ይዘው ቤትዎ ይቀመጡ። የሰማንያ ዓመት ሰው! ስልኩን ቀስ አድርገው መስቀያው ላይ አኖሩት፤ በመስታወቱ ማዶ አጎንብሰው እጅ ነሱኝ፤ ወጡ። እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት።

አባቴ ቢኖር በጅራፍ ይገርፈኝ ነበር።


ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ቀኝ እጄ አብጧል። የሚጻፈው በግራ ነው፤ ጫጭሮኛል አትበል። ከትናንት ጀምሮ ግድግዳውን እየመታሁ ነው። ሬይ በመጀመሪያ ተው አለኝ፣ ቀጥሎ ለመነኝ፣ በመጨረሻ ፊቱን አዞረ።

ኦኬ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህና ብትፈልግ ተቃጠል።

ፅጌ ፍ/ቤት ቀርባ፣ እናቱ በወደቀች ቀን አራት ጊዜ ደወልኩለት አለች። እኔ መጽሐፍ መትቼ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር አልኩ። ውሸት ነው። ስልኩ በእጄ ነበር። ላይቭ ላይ ነበርኩ፣ ሶዶ፣ ትራኩ ውስጥ። ከአንድ የቤ/ክ ቦርድ ሰው ጋር ስንሰዳደብ ሕዝቡ ጦፏል። የፅጌ ስም ስክሪኑ ላይ መጣ። ለተከታዮቼ፦ “ይቺ ሴትዮ ደግሞ ዳይፐር አለቀ ልትለኝ ነው” አልኩና ዘጋሁባት። ሳቅ ዘነበ፣ ያቺ በእንባ የምትስቅ ቢጫ ፊት፣ ረድፍ በረድፍ። እንደገና ደወለች፤ ኧረ ጉድ ናት ብዬ ዘጋሁ። ሦስተኛ። አራተኛውን ሳላይ ነው የዘጋሁት።

እቴቴ ወለሉ ላይ ሆና ስሜን ትጠራ ነበር። ፅጌ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ልታስጠጋላት ነበር የደወለችው። ይህንን እሷው ናት ፍ/ቤት የተናገረችው፤ እኔ ያን ጊዜ ውሸታም ብዬ ጮህኩ፣ ዳኛዋ በመዶሻ መታች።

ያ ላይቭ እስካሁን ፔጁ ላይ አለ። ከ63ቱ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ስለ ፅጌ ስላልሆነ ከፍ/ቤቱ ማንም አላየውም። እኔ ግን አያለሁ። አንድ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሶ አሁን ማን ገደላት? መልስልኝ እንጂ፣ አንተ ወረቀት!


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ስልክ ተፈቀደ። ሰናይትን ኮል አደረግኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ።

መጀመሪያ ልጄ ሜሮንን ሰጠችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቪዲዮህን አሳየኝ አለችኝ። የትኛውን አልኳት። የምትጮህበትን አለች። በሁሉም እጮኻለሁ። ስልኩን ለእናቷ መለሰች።

ሰናይት ተቆጥታለች። እቤት ሌክ ሲቲ ድረስ ሰው ይመጣል፣ ስለ ሙት ዓመቱ ይጠይቃል፣ ምን ልበል ትላለች። “ሶ ምን ይሁን ነው የምትለው? አንተ ግድግዳ ስትደበድብ እኔ ድግስ ልደግስ? ኦኬ፣ ሳይን አድርግና ና! እናትህ ናት እኮ!” ድግሱ የጾም ነው፤ ነቢያት ይገባል። ጋሽ መርዕድን ተሳድበሃል አሉ፣ እውነት ነው? አለችኝ። የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሬይ የዳቦውን ግማሽ ሰጠኝ። አልጠየቅሁትም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ከምሳ በፊት

ደሜ ሊፈነዳ ነው።

እማማ ዘነበች ሙት ዓመቱ ላይ ካልተገኘሁ አሉ። ጎረቤቴ ነበረች፣ ካልወሰዳችሁኝ እህል አልቀምስም ብለው ሁለት ቀን ጾሙ። በዊልቸር ናቸው፤ የምታመጣቸው ፅጌ ናት። ፅጌም ራሷ መቆም ትፈልጋለች። ሰናይት ናት የነገረችኝ፤ ሰናይት ከፅጌ ጋር መነጋገር አልተከለከለችም። እግዱ ግን አለ፦ ፅጌ ካለችበት አዳራሽ እኔ ልገኝ አልችልም። ጠበቃዬን በስልክ ጠየቅኳት። አዎ፣ እሷ ከመጣች ከአዳራሹ የምትወጣው አንተ ነህ አለች፤ ካልወጣህ በዚያው ይዘውህ ይመለሳሉ። ለዚያ ነው ፅጌ፣ እሱ ከተፈታ እኔ ቀርቼ እማማን ሌላ ሰው ያምጣቸው ያለችው። ሌላ ሰው ደግሞ እማማ አይፈልጉም፤ ከአልጋ የሚያነሣቸውን እጅ ነው የሚያምኑት።

ስማ! የገዛ እናቴ! በእናቴ ሙት ዓመት እኔ ዝናብ ላይ፣ ያቺ ከጧፉ ሥር? ሞቼ እገኛለሁ! ትቅር! ዘነበችም ይቅሩ! ከኔ በላይ ለእቴቴ ማን አለ?

ትሪውን በሩ ላይ ወረወርኩ። ባቄላው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አሁን በወረቀት እየጠረግኩ ነው የምጽፍልህ።


ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬ ሰው ሲደበደብ አየሁ።

ያ የስልክ ተራዬን የነጠቀኝ ትከሻ ሰፊ ነው። ተራው ደረሰ። ሦስት ሆነው ከምሳ ጠረጴዛ አነሡት። አንዱ በትሪ፣ አንዱ በጉልበት፣ ሦስተኛው ካልሲ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አጭቆ። የመጀመሪያው ምት ጆሮው ላይ ነው ያረፈው፤ ድምፁ እንደ ሐብሐብ። ወደቀ። አልተዉትም። ጣቶቹን በጫማ። ፊቱን ሸፈነ፤ እጁን እየመቱ አስለቀቁት። ከአንድ ዓይኑ የሚወጣው ደም ወለሉ ላይ እስከ እኔ እግር መጣ፤ ነጩ ካልሲዬ ጠጣው።

ፎቁ ሙሉ ይጮኻል። ጠረጴዛ ይደበደባል። አንድም ሰው ስለሰውየው አያውቅም፣ ምን እንዳደረገም አያውቅም። ዝም ብሎ ይጮኻል። እኔም ቆሜያለሁ። ጠላቴ ነው፣ ጥርሴን የሰበረው እሱ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባል።

ጠባቂዎቹ ጋዝ ረጭተው በተኑን። ክፍል ገብተን ዓይናችንን ስናጥብ ሬይ ጠየቀኝ። “በለው” ማለት ምንድን ነው? አለኝ። የት ሰማህ አልኩት። አንተ ነህ ስትጮኸው የነበርከው፤ ጉሮሮህ እስኪዘጋ፤ ከሁሉም በላይ ያንተ ድምፅ ነበር አለኝ።

አላስታውስም። ማርያምን፣ አንዲት ቃል አላስታውስም። ጉሮሮዬ ግን ቆስሏል።

ድንጋዩን ማን እንደወረወረ አሁን የማውቅ ይመስለኛል። ስሙን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም። እንደ እኔ በመሐል የቆመ አንድ ሰው ነው፤ እኔ በለው አልኩት።

አስታወከኝ። ሬይ ባልዲውን ያዘልኝ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከሰዓት

ሰናይትን ደወልኩላት። ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ያን ቀን ስልኬ ክፍት ነበር አልኳት። ባትሪ አልጨረሰም፤ አራቴ ዘጋሁባት።

ከወዲያ ማዶ የመኪና ድምፅ ብቻ። ሥራ ልትገባ አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ናት።

“አውቃለሁ” አለች።

ከየት አልኳት። ምሳ ሰዓት ላይ ላይቭህን እያየሁ ነበር አለች። የፅጌን ስም አየሁት፣ ስትዘጋባት አየሁ። ከዚያ ቀጠለች፦ “እኔም ስቄ ነበር፣ ደረጀ። የምትስቀዋን ፊት ልኬልህ ነበር።”

ዓመቱን ሙሉ። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ አልጋ ተነሥተን፣ አንድ ሰሃን በልተን። ለዚህ ነው ለካ ስለ ፅጌ ስጮህ ከሳሎን ተነሥታ የምትወጣው። ለዚህ ነው ጋሽ መርዕድ ዘንድ የሮጠችው።

አልሰደብኳትም። ማሽኑ አንድ ደቂቃ ቀረ አለ። ሁለታችንም ደቂቃዋን ዝም ብለን ጨረስናት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጠበቃዬ በአራት ሰዓት ትመጣለች። ወረቀቱን ይዛ ነው፤ ዛሬ ከፈረምኩ እስከ ማታ እወጣለሁ፣ ነገ ለሙት ዓመቱ እደርሳለሁ። ነገና ተነገወዲያ ፍ/ቤት ዝግ ነው። ዛሬ ካልሆነ ሰኞ።

እንዳትሸወድ፣ ደብተር። ፅጌን አልወደድኳትም። ስሟን ስጽፍ እጄ አሁንም ይጨበጣል። ሲነጋ ተነሥቼ ግድግዳውን አየሁት፤ ልመታው ነበር፤ እጄ ስላበጠ ብቻ ነው የተውኩት። ጥሩ ሰው ሆንኩ ብዬ አልጽፍልህም።

ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ስቆጥር አደርኩ። በሦስት ዓመት ፌደራል ዌይ የሄድኩባቸውን ቀናት። መንገዱ ይዘጋል፣ ትራፊክ ነው፣ ደክሞኛል እያልኩ። የሁለት እጆቼ ጣቶች በቅተው ተረፉ። የእናቴን ጀርባ አይቼው አላውቅም፤ ያጠበችው ፅጌ ናት። የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት፣ ምን ስትበላ እንደሚያንቃት፣ በመጨረሻ ሰዓቷ ምን እንዳለች የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ናት። እኔ ደግሞ ያቺን ሰው ይቅርታ እንኳን እንዳልጠይቅ በሕግ ተከልክያለሁ፤ ብጠይቅም አፌን አላምነውም።

63ቱን አጠፋለሁ። 64ኛውን፣ የትራኩንም ላይቭ ጨምሬ፣ ፔጁን ከነስሙ። የይለፍ ቃሉን አሁን በዚህ ገጽ ጥግ ጽፌዋለሁ፤ ቀድጄ እሰጣታለሁ። ወረቀቱን ግን ዛሬ አልፈርምም። ሰኞ ነይ እላታለሁ። ለምን ብትለኝ አላብራራም፤ የሽማግሌውን ነገር ሳስረዳት የሆነውን አይተሃል። ለሰናይት ግን ትደውልላት። ነገ እኔ የለሁም፣ አዳራሹ ነጻ ነው፣ እማማ ዘነበችን የሚያመጣቸው ሰው ከፊት፣ ከቤተሰቡ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ስም አልጠራም። ሰናይት ይገባታል።

እቴቴ ልጇ በሌለበት ይጸለይላት። ሲሆንባት የመጀመሪያዋ አይደለም።

በሩን እየመቱ ነው፤ ስሜን ጠሩ። ጠበቃዋ ቀድማ ደርሳለች። ገጿን ልቅደድና